ከመሳቅ ማየት ይቅደም

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች አንዱ ሳቅ ነው። በሬም ይደክማል፣ በግም ትፈራለች፣ ውሻም ጌታው ሲለየው ይተክዛል፤ ነገር ግን የራሱንና የጓደኛውን ስንፍና አይቶ በነገር የሚጫወት ከሰው በቀር አልታየም። በአገራችንም ጨዋታ ዐዋቂ ምንጊዜም የተወደደ ነው። በለቅሶ ቤት ኀዘንተኛውን የሚያጽናና፣ በሰርግ ቤት ታዳሚውን የሚያሟሙቅ፣ በሸንጎ የተካረረውን ነገር በአንድ ቃል የሚያበርድ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ቀልድ እንደ ቢላዋ ነው፤ ጐመኑን የሚከትፈውም ጣትን የሚቈርጠውም ያው አንዱ ስለት ነው።

ዛሬ ለወጣት አንባቢዎቼ ልነግራቸው የፈለግሁት ስለዚሁ ስለት ነው። የሰውን ዐይን የሚከፍት ቀልድ አለ፤ የሰውን ዐይን የሚጨፍንም ቀልድ አለ። ሁለተኛውን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ተምሬዋለሁና ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መልካሙ ልናገር። የጨዋታ ዐዋቂዎችን ኑሮ የመረመረ ሰው አንድ ነገር ያገኛል፤ ይኸውም ታላላቅ ቀልደኞች አስቀድመው ታላላቅ ተመልካቾች መሆናቸው ነው። የቅኔ ተማሪን ተመልከቱ። ቅኔ ሊቈጥር ሲፈልግ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል። ንብ አበባውን እንዴት እንደምትቀስም፣ ገበሬ ሞፈሩን እንዴት እንደሚይዝ፣ ወንዝ ሲሞላ ድንጋዩን እንዴት እንደሚያንከባልል በዐይኑ ያላየ ተማሪ ሰሙ ይጐድልበታል። ሰሙ የጐደለበት ደግሞ ወርቁን የሚያፈስስበት የለውም።

ስማቸው ከቀልድ ጋር የሚነሣው አለቃ ገብረ ሐናም እንዲሁ ነበሩ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በጨዋታቸው ብቻ ነው። እርሳቸው ግን የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ሲወርድ ሲዋረድ እንደ መጣው ታሪክ፣ የጣና ሐይቅ ማዕበል ወደ ዳር ሲመጣና ሲመለስ፣ በዳርቻው የበቀለውም ሸምበቆ ነፋስ ሲመታው ወዲያና ወዲህ ሲያዘነብል እየተመለከቱ፣ የመቋሚያውንና የሰውነትን እንቅስቃሴ ከዚያ ቀዱ ይባላል። ይህም ስልት በልጃቸው ስም የተክሌ አቋቋም ተባለ። የጐንደር ካህናት አዲሱን ስልት ባይቀበሉት ልጃቸው በደብረ ታቦር አስፋፋው ይላሉ። ልብ በሉ! ሰውን ሁሉ ያስቁ የነበሩት ሰው በሐይቅ ዳር ዝም ብለው የሚቆሙበትም ጊዜ ነበራቸው። ያ ዝምታ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ያ ጨዋታም ባልኖረ።

ከባሕር ማዶ ደግሞ ስለ ጋሊሌዮ ላጫውታችሁ። (ስለ አውሮፓ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእነርሱ አቈጣጠር ናቸው።) ጋሊሌዮ የኢጣልያ ሰው ሲሆን በመነጽሩ ሰማይን የመረመረ ሊቅ ነው፤ በነገር መውጋትም የሚያህለው አልነበረም። በ1623 በሮም ከተማ «መዛኙ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው ኦራዚዮ ግራሲ ለተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህር መልስ እንዲሆን ነው። ግራሲ በክርክሩ መካከል በአየር ውስጥ በፍጥነት የሚሄድ ነገር ይግላል አለና ምስክር ሲጠራ ከጥንት መጽሐፍ አንድ ወሬ ጠቀሰ። የባቢሎን ሰዎች ዕንቍላል በወንጭፍ እያሽከረከሩ ያበስሉ ነበር የሚል ነው።

ጋሊሌዮ ይህን ባነበበ ጊዜ አልተቈጣም፤ ተጫወተበት እንጂ። የመልሱ ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ እኛም ዕንቍላል አላጣንም፤ ወንጭፍም አላጣንም፤ ወንጭፉን የሚያሽከረክሩ ጕልበታሞችም አሉን። ብናሽከረክረው ግን ዕንቍላሉ አይበስልም፤ እንዲያውም ትኵስ የነበረ እንደ ሆነ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ከባቢሎን ሰዎች ያነስንበት ነገር ባቢሎናዊ አለመሆናችን ብቻ ስለ ሆነ፣ ዕንቍላሉን የሚያበስለው ባቢሎናዊነት ነው ማለት ነው!

ይህን ያነበበ ሁሉ ሳቀ። እኛም እስከ ዛሬ እንስቃለን። ሳቁም መልካም ሳቅ ነው፤ ምክንያቱም ሰውዬውን ከማዋረድ ይልቅ አንባቢውን ወደ ሥራ ይልከዋል። ወንጭፍና ዕንቍላል በገጠር ቤት ሁሉ ይገኛል። የማሽላ ወፍ የሚጠብቅ እረኛ እንኳ ነገሩን በአንድ ጧት ሊፈትነው ይችላል። ዐይን የሚከፍት ቀልድ ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ «መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ለሚለው ሰው «ና፣ አብረን እንየው» ይለዋል።

ነገር ግን የዚህ መጽሐፍ ታሪክ በዚህ አያበቃም። የክርክሩ ሥር ዕንቍላል ሳይሆን በ1618 በሰማይ የታየ ጅራታም ኮከብ ነበር። ግራሲ ይህ ኮከብ ከጨረቃ በላይ ነው አለ። ያለውም ከጥንት ወሬ ተነሥቶ አልነበረም። ጣትህን ከፊትህ አቁመህ አንድ ጊዜ በቀኝ ዐይንህ አንድ ጊዜ በግራ ዐይንህ ብቻ ብታየው፣ ጣትህ ከቦታው የዘለለ ይመስልሃል፤ ከሩቅ ያለ ዛፍ ግን አይዘልም። እንደዚሁም አንዱን የሰማይ አካል ከተለያዩ ከተሞች ያዩት ሰዎች ጽሑፋቸውን ሲያስተያዩ ርቀቱን ሊገምቱ ይችላሉ። ግራሲም የተመልካቾችን ጽሑፍ አስተያይቶ ፈረደ። ጋሊሌዮ በዚያ ወራት ታሞ አልጋ ላይ ስለ ነበረ ኮከቡን እንደሚገባ አልተመለከተውም። ሆኖም ጅራታም ኮከብ ምናልባት ከምድር በወጣ እንፋሎት ላይ የሚያርፍ የፀሐይ ብርሃን እንጂ እውነተኛ አካል ላይሆን ይችላል ብሎ ተከራከረ። ዛሬ እንደምናውቀው ጅራታም ኮከብ ከበረዶና ከአቧራ የተሠራ፣ ፀሐይን የሚዞር አካል ነው። በዚህ ነገር ወደ እውነት የቀረበው የተሳቀበት ግራሲ ነበር።

እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ መጽሐፍ ስለ ዕንቍላሉ አሸነፈ፣ ስለ ኮከቡ ተሸነፈ። ስለ ዕንቍላሉ ሲቀልድ ያየውን ይናገር ነበር፤ ስለ ኮከቡ ሲቀልድ ግን እምብዛም አላየውም። ሳቁ ግን በሁለቱም ቦታ እኩል የጣፈጠ ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ያየ ሰው ቀልድና ያላየ ሰው ቀልድ በጆሮ አይለይም።

እኔ ይህን የተረዳሁት ጋሊሌዮን ከማወቄ በፊት ነው። በተማሪነቴ ዘመን በቀልድ የታወቅሁ ነበርሁ። ትምህርት ቤታችን ከከተማ ራቅ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የምንጠጣው ውሃ ከሁለት ቦታ ይመጣ ነበር። አንዱ ከኮረብታው ሥር የሚፈልቅ ምንጭ፣ ሁለተኛው ከመኝታ ቤታችን በስተኋላ የተቈፈረ ጕድጓድ ነው። ምንጩ የሩብ ሰዓት መንገድ ስለሚያስኬድ ሰነፎቻችን ጕድጓዱን እንመርጥ ነበር። ከሰነፎቹም ግንባር ቀደሙ እኔ ነበርሁ።

በክፍላችን አንድ ዝምተኛ የገበሬ ልጅ ነበረ። ስሙን አልጠራም። ይህ ልጅ በየማታው ከጥናት በኋላ ደብተሩን አውጥቶ፣ መስመር አስምሮ፣ ጥቂት ነገር ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ ቢጠየቅ ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። አንድ ቀን ደብተሩን ሰርቄ አየሁት። በአንደኛው ዐምድ የልጆች ስም፣ በሁለተኛው ሆዳቸውን የታመሙበት ቀን፣ በሦስተኛው ውሃ የሚጠጡበት ቦታ ተጽፎአል። በዚያን ጊዜ አእምሮዬ ነገሩ ምን ይሆን ብሎ አልጠየቀም። ምላሴ ቀደመው።

በምሳ ሰዓት ከምግብ አዳራሹ ወንበር ላይ ቆሜ ደብተሩን ከፍ አድርጌ ያዝሁና፣ «ወንድሞቼ ሆይ፣ እልል በሉ! በቤተ መንግሥት ጸሐፌ ትእዛዝ እንዳለ ሁሉ በእኛም ትምህርት ቤት ጸሐፌ ሆድ ተሾመልን! ከእንግዲህ ወዲህ ሆዱ የሚጮኽበት ሁሉ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያቅርብ!» አልሁ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አስተማሪዎቹ እንኳ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁ ስም ቀርቶ ጸሐፌ ሆድ ተባለ። በመንገድ ያገኘው ሁሉ እጅ እየነሣ፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ ሆዴ ሰላም ነው፤ ይመዝገብልኝ» ይለው ነበር። እርሱም አንድ ሳምንት ታገሠ። በሁለተኛው ሳምንት ገጾቹን ቀድዶ ከወጥ ቤቱ እሳት ውስጥ ጣላቸው። እኔም ይህን ባየሁ ጊዜ እንደ ድል ቈጠርሁት።

ብዙም ሳይቈይ ዝናሙ በረታ፤ ትምህርት ቤቱንም የሆድ በሽታ ገባበት። በመጀመሪያ ሦስት ልጆች፣ ቀጥሎ ስምንት፣ ቀጥሎም አንድ ሙሉ መኝታ ቤት ወደቀ። እኔም ከወደቁት አንዱ ነበርሁ። ከታናናሾቹ አንድ ልጅ፣ ገና የአሥር ዓመት ልጅ፣ ወላጆቹ መጥተው በቃሬዛ ወሰዱት፤ በሦስተኛው ቀን ማረፉን ሰማን።

ከከተማ አንድ ድሬሰር ተላከልን። የመጀመሪያ ጥያቄው «የታመሙት ልጆች ውሃ የሚጠጡት ከየት ነው?» የሚል ነበር። ዳይሬክተሩ አላወቁም፤ አስተማሪዎቹም አላወቁም። በዚያን ጊዜ ያ ዝምተኛ ልጅ ከበሩ አጠገብ ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ ጽፌው ነበር፤ ግን ቀድጄዋለሁ። ከማስታውሰው ልንገርዎ» አለ። ከዝናሙ በፊት ከታመሙት 14 ልጆች 12ቱ ከጕድጓዱ የሚጠጡ መሆናቸውን በየስማቸው ቈጠረ። ድሬሰሩ ተነሥቶ ወደ ጕድጓዱ ሄደ። ጕድጓዱ ከሽንት ቤቱ በታች፣ በተዳፋቱ ላይ ነበር። ይህን ለማየት ሃያ ርምጃ መሄድ ብቻ ይበቃ ነበር። ሁላችንም በየቀኑ በዚያ እናልፋለን፤ አንዳችንም አላየነውም። ጕድጓዱ በዚያው ቀን ተዘጋ፤ በሽታውም ቀስ በቀስ ቀነሰ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጆን ስኖው ስለሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም አነበብሁ። በ1854 በሎንዶን ኮሌራ በገባ ጊዜ፣ የሞቱት ሰዎች ከየትኛው የውሃ ፓምፕ ይጠጡ እንደ ነበር ቤት ለቤት እየጠየቀ መዘገበ። ምዝገባው በብሮድ ጎዳና ወዳለው ፓምፕ መራው፤ እርሱም ለሰፈሩ ሹማምንት አስረድቶ የፓምፑን እጀታ አስነቀለ። የእርሱ ስም ዛሬ በዓለም ሁሉ በክብር ይጠራል። ይህን ሳነብ ፊቴ ጋለ። የእኛ ልጅ በመስመር ደብተር የሠራው ሥራ ይኸው ነበርና። ልዩነቱ በእኛ ልጅ አጠገብ እኔ መኖሬ ነው።

ታምሜ በተኛሁበት ሰሞን ያ ልጅ በየቀኑ ከሩቁ ምንጭ በጣሳ ውሃ ያመጣልኝ ነበር። አንድ ቀን አፍሬ፣ «ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም ጣሳውን እያስቀመጠ፣ «ቀልድህማ ጥሩ ነበር፤ ብቻዬን ስሆን እኔም ስቄበታለሁ። ነገር ግን አንተ ጕድጓዱን ሄደህ አላየኸውም» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ያ ትንሽ ልጅ የሞተው በእኔ ቀልድ ብቻ ነው አልልም። ጕድጓዱን የቈፈርሁት እኔ አይደለሁም፤ ሽንት ቤቱንም ከበላዩ የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ያ ደብተር ባይቃጠል ኖሮ ከዝናሙ በፊት አንድ ትልቅ ሰው ያየው ነበር ይሆን እያልሁ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። አባቶቻችን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያሉት እውነት ነው። የእግር ወለምታ ቢያም ባለቤቱን ነው፤ የአፍ ወለምታ ግን የሚያነክሰው ሌላውን ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ስሕተት የልጅ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ለሎንዶን ሊቃውንት ማኅበር በ1662 የንጉሥ ደብዳቤ ሰጥቶ አቋቋመው፤ በ1664 ግን አየርን ከመመዘን በቀር ሥራ የላቸውም ብሎ በእነዚያው ሊቃውንት እጅግ እንደ ሳቀ ሳሙኤል ፒፕስ የተባለ ሰው በዕለት ማስታወሻው ጽፎታል። አየርን በሚዛን! ለሰሚው በእርግጥ ያስቃል። ሆኖም አየር ክብደት አለው። ቁመቱም ወርዱም ስፋቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን በባሕር ጠረፍ ላይ የሚይዘው አየር ከ1 ኪሎ ይበልጣል። ከዚያ ሳቅ በኋላ 48 ዓመት ቈይቶ፣ በ1712፣ ቶማስ ኒውኮመን የተባለ ሰው ይህንኑ የአየር ክብደት ፒስተን እንዲገፋ አድርጎ ከማዕድን ጕድጓድ ውሃ የሚያወጣ ሞተር ሠራ። ንጉሡ የሳቀበት ነገር ውሃ መቅዳት ጀመረ ማለት ነው።

ሮበርት ሁክም በ1665 በማጕያ መነጽር ያያቸውን ጥቃቅን ነገሮች በሥዕል አሳተመ፤ ቁንጫን እንኳ በትልቅ ወረቀት ላይ አድርጎ ሣላት። በ1676 ቶማስ ሻድዌል የተባለ ደራሲ እንዲህ ያሉትን ተመራማሪዎች የሚያላግጥ ተውኔት አሳየ። በተውኔቱ ያለው ሊቅ ጠረጴዛ ላይ በሆዱ ተኝቶ የእንቍራሪትን አኳኋን እየተከተለ ዋና ይማራል፤ ውሃ ውስጥ ግን አይገባም፤ ትምህርቱ ብቻ ይበቃኛል ይላል። ይህ ቀልድ በራሱ እውነት አለው። ውሃ ሳይነካ ዋናተኛ ነኝ የሚል ሰው በየዘመኑ አይጠፋም። ነገር ግን ቀልዱ ያረፈው ጠረጴዛ ላይ በተኛው ሰው ላይ ሳይሆን ውሃው ውስጥ በገባው ላይ ነው። ሁክ በተመልካች መካከል ተቀምጦ ሳለ ሰዉ በጣት ሊጠቍመው ምንም እንዳልቀረው በማስታወሻው ጽፎአል።

ታዲያ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አትቀልድ አልልህም። ቀልድ የሌለበት አገር ጨው የሌለበት ወጥ ነው። ሐሰተኛው ሊቅ፣ ጉበኛው ሹም፣ ያላየውን አየሁ የሚለው አስመሳይ ከምንም አብልጠው የሚፈሩት ሳቅን ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለ መሣሪያ አትጣል። ነገር ግን አፍህን ከመክፈትህ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ የምስቅበትን ነገር በዐይኔ አይቼዋለሁን? የምስቀው ለማየት እንቢ ባለው ሰው ነው ወይስ ለማየት ጐንበስ ባለው? የሰሙኝስ ሰዎች ስቀው ሲያበቁ ነገሩን ሊያዩ ይሄዳሉ ወይስ ወደ ቤታቸው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካገኘህ ተጫወት፤ ያላየኸው እንደ ሆነ ግን ሃያ ርምጃ ሂድና እይ፤ ቀልዱ ይጠብቅሃል፤ እውነት ከሆነም ሳትመለስ አይጠፋብህም።

አንተ ደግሞ በማታ መስመር አስምረህ የምትጽፈው ዝምተኛ ልጅ፣ ምናልባት ዛሬም በአንድ ትምህርት ቤት ስም አውጥተውልህ ይሆናል። ሲስቁብህ ቀልዱ ጥሩ ከሆነ አብረህ ሳቅ፤ ይህ አይጐዳህም። ስሕተት ካገኙብህም አርም። ነገር ግን ስለ ሳቁ ብለህ ብቻ ያየኸውን አላየሁም አትበል።

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። እኔም በአንድ ጕድጓድ አፋፍ የተማርሁትን ልጨምርበት፤ ከመሳቅም ማየት ይቅደም። አንተም፣ ልጄ፣ ደብተርህን አትቅደድ።